ኤሌክትሪክ ባጃጅ ወይስ ማሽን ኤለመንት? ሁለቱን ያስኬዳችሁ ልጆች እስቲ ንገሩኝ

ብሎን_በኪሴ፦
ሰላም ጀማው። ሜካኒካል 3ኛ ዓመት ነኝ። ግቢያችን ውስጥ አሮጌ ባጃጅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የተማሪዎች ቲም አለ። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም ሰው ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ ይላል፣ እኛም በዚያው ገባንበት። የኔ ድርሻ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) እና ሰንሰለት ነው። ስራውን እወደዋለሁ። ችግሩ፣ ዘንድሮ ማሽን ኤለመንት (የማሽን ክፍሎች ዲዛይን ኮርስ)፣ ፍሉይድና ማኑፋክቸሪንግ አንድ ላይ መጡብኝ። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ብረት ስናገላብጥ ይመሻል፣ ሌላው ቀን ማታ ማታ ወርክሾፕ ነኝ፣ ላብ ሪፖርት የምጽፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አይኔ እየተከደነ ነው። ሚድ ደርሷል። ልውጣ ስል ደግሞ ሻፍቱን ከኔ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። “ፕሮግራም አውጪ” ብቻ እንዳትሉኝ፣ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የድሮ_ሲኒየር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። አንድ ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያው) ቢያንስ የ25 ሰዓት ስራ ነው። በሴሚስተር 30 ከያዝሽ 750 ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 47 ገደማ፣ ክላሱም ላቡም ጥናቱም ተደምሮ። ባጃጁ የሚያገኘው ከዚያ የተረፈውን ነው። ደግሞ ሁሉም ኮርስ እኩል አይደለም። ማሽን ኤለመንት 1 ላይ ኤፍ ከመጣ 2ን አትወስጂም፣ ብዙ ግቢ ውስጥ ኮርሱ ተመልሶ የሚሰጠው በዓመቱ ስለሆነ ባችሽ ጥሎሽ ይሄዳል። ሌላው ላይ ሲ ብታመጪ ሰማይ አይደፋብሽም።

ቶርኖ_ቤት፦
ሲኒየር ልክ ነው፣ ግን እኮ የያዝሽው ስራ ራሱ ማሽን ኤለመንት ነው! 3 ኪሎዋት ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ቢዞር የሚሰጠው ቶርክ (የማዞር ጉልበት) 9.55 ኒውተን ሜትር ነው። ዙሩን በ6 እጥፍ ስትቀንሺው ብክነቱን ትተን ወደ 57 ይደርሳል። በዚያ ላይ ሰንሰለቱ ሻፍቱን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ ስለዚህ ጠመዘዛም መታጠፍም አንድ ላይ አለ፣ ኪዌዩ (ሻፍቱ ላይ ለቁልፍ የሚቀረጸው ቦይ) ጋ ደግሞ ስትረስ ይከማቻል። ይሄ የሻፍት ዲዛይን ምዕራፍ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ያንቺ ሆነ። መምህሩን “የኮርሱ ፕሮጀክት ይሁንልኝ” በይው፣ አብዛኞቹ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነገር ማረም ሰልችቷቸዋል። ኩሽኔታውንም ያገኘነው ይሁን ብላችሁ ሳይሆን በስሌት ምረጡት።

ሀቁን_ልንገርሽ፦
ኧረ ውጪ! ቤተሰብ እየጠበቀሽ ነው። መጨረሻ ላይ መውጫ ፈተናው ላይ 50 ካላመጣሽ ባጃጅ ሰራሁ ብትዪ ማን ዲግሪ ይሰጥሻል?

ከሜሪላንድ፦
ሀቁን፣ ኢንተርንሺፕ ሲሆን ግን የሚጠየቀው “ምን ሰርተሻል?” ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ ፎርሙላ ኤስኤኢ ቲም ውስጥ ነበርኩ፣ ተማሪዎች ትንሽ የውድድር መኪና ሰርተው የሚወዳደሩበት ማለት ነው። የሚችጋኑ ውድድር ሜይ ላይ ስለሆነ ከፋይናል ጋር ይላተማል። ከ1000 ነጥብ 325ቱ የሚሰጠው መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው፣ ለዲዛይን 150፣ ለወጪ ዝርዝር 100፣ ለገለጻ 75። ፈተና የያዘው ልጅ ወርክሾፕ ሳይመጣ ዶርሙ ሆኖ የሚሰራው የወረቀት ስራ ሞልቷል፣ ለአንቺም እንደሱ ይደልድሉልሽ።

እኔን ያሳሰበኝ “ከኔ ሌላ የሚያውቀው የለም” ያልሽው ነው። እሱ የቲሙ ችግር ነው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። አንድ 2ኛ ዓመት ልጅ አጠገብሽ አስቀምጪ፣ ድሮዊንጉን ከነልኬቱ ስጪው፣ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤትም እሱ ይመላለስ። ደግሞ ሰብሰብ ብላችሁ የሁሉንም የሚድ ቀን አንድ ወረቀት ላይ አውጡና የዚያን ሳምንት ወርክሾፑን ዝጉት። ሁሉም ተፈታኝ ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ብሎን_በኪሴ፦
ተባረኩ። ሀቁን፣ አልወጣም 😄 መምህሩን ሰኞ አነጋግራለሁ፣ አጠገቤ የማስቀምጣት ልጅም አለችኝ፣ ብየዳ ላይ ከኔ ትሻላለች። ቶርኖ ቤት፣ አንድ ነገር ብቻ፣ 6ቱን በአንድ ሰንሰለት 12 ጥርስ ለ72 አድርገን ልንጨርሰው ነበር፣ ይከብዳል?

ቶርኖ_ቤት፦
72 ጥርሱ ትልቅ ስለሚሆን ከታች መሬት እንዳይነካ ለኪው። ከጠበባችሁ ሁለት ቦታ ክፈሉት፣ መጀመሪያ 2 እጥፍ ከዚያ 3 እጥፍ። ግን ከሚድ በኋላ!