ጥያቄ፦ ነርቭ ሴል እረፍት ላይ እያለ ቻርጁን ምን ያቆየዋል?

የጣና ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የጤና ተማሪ ነኝ፤ ሰኞ የፊዚዮሎጂ ፈተና አለብን። ነርቭ ሴል እረፍት ላይ እያለ ውስጡ ከውጪው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው። ለምን? የጥናት ጓደኞቼ «የሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ፓምፕ 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ስለሚያስገባ ነው፣ አለቀ» ይላሉ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። እባካችሁ እርዱኝ።

አራተኛ ዓመት፦ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። በየዙሩ አንድ ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ሞለኪውል) ይበላል፣ አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ በትርፍ ይወጣል። እኔ እንደዚያ ነው የጻፍኩት።

መምህር፦ ወንድሜ፣ በዚህ ብቻ እንዳታቆም። የ3 ለ 2 ልዩነቱ በቀጥታ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ዋናው ጉዳይ ፖታሲየም ነው። ሴሉ ውስጥ በሊትር 140 ሚሊሞል ገደማ አለ፤ ውጪ ግን ከ4 እስከ 5 ብቻ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ እረፍት ላይም ክፍት የሆኑ የፖታሲየም ቻናሎች (ማለፊያ ቀዳዳዎች) አሉ። ፖታሲየም በነሱ ሾልኮ ሲወጣ ፖዘቲቭ ቻርጁን ይዞ ይሄዳል። ኔጌቲቭ የሆኑት ትልልቅ ፕሮቲኖች ማለፍ ስለማይችሉ ውስጥ ይቀራሉ። ውስጡ ኔጌቲቭ በሆነ ቁጥር ፖታሲየሙን መልሶ ይጎትተዋል። ሽፋኑ ፖታሲየም ብቻ ቢያሳልፍ ኖሮ ኔጌቲቭ 90 አካባቢ ይረጋ ነበር። ትንሽ ሶዲየም ሾልኮ ስለሚገባ ነው 70 ላይ የሚቆየው።

የጣና ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር! ታዲያ ፓምፑ ቢቆም ቻርጁ ወዲያው ይጠፋል?

መምህር፦ ወዲያው አይጠፋም። ሐይቁ ዳር ወርደህ የደንገል ታንኳ ተመልከት። ውሃ ላይ በዋለ ቁጥር ደንገሉ ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል። ለዚህ ነው ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው። ሴሉም ሶዲየም እየገባበት፣ ፖታሲየም እየወጣበት ነው የሚኖረው፤ ፓምፑ ሁለቱን ወደየቦታቸው ይመልሳል። ታንኳው ግን ለመድረቅ ያርፋል፤ ፓምፑ እረፍት የለውም። ከቆመ ልዩነቱ ቀስ በቀስ ይሟጠጣል፤ ቻርጁም አብሮ ይሄዳል።

ሲስተር፦ እኔም ከዋርድ አንድ ነገር ልጨምር። የደም ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ ሲል የውስጥና የውጪው ልዩነት ይጠብባል፣ ቻርጁም ወደ ዜሮ ይጠጋል። የልብ ጡንቻም በዚሁ ቻርጅ ስለሚሠራ ምቱ ይዛባል፤ ሊቆምም ይችላል። የፖታሲየም ክሎራይድ አምፑል (ፖታሲየም ያለበት የመርፌ መድኃኒት) ሳይበረዝ በደም ሥር ፈጽሞ የማይገፋው ለዚህ ነው። በግሉኮስ ወይም በሳላይን (የጨው ውሃ) በርዘን፣ ጠብታውን እየቆጠርን ነው የምንሰጠው። ተግባር ልምምድ ስትወጣ አምፑሉን አንስተህ ጽሑፉን ሁለቴ አንብብ፣ የኔ ወንድም።