ክርክር፦ የፈንታኒሉ ሕግ የሚይዘው ማንን ነው?

ሂሩት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ያነሳነውን ክርክር እዚህ ልቀጥለው። ጥያቄው ጁላይ 16 ቀን 2025 የተፈረመው የፈንታኒል ሕግ ይደገፋል ወይስ አይደገፍም የሚል ነበር። ላልተከታተላችሁ፦ ፈንታኒል በጣም ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በሕገወጥ መንገድ ተሠርቶ እንደ ዕፅም ይሸጣል። ይህ የአሜሪካ ሕግ የፈንታኒል ዘመድ የሆኑ ኬሚካሎችን በጅምላ ምድብ አንድ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ለሕክምና አይውሉም ከሚባሉት ጋር ማለት ነው። ከ2018 ጀምሮ በጊዜያዊነት ሲራዘም የቆየው እገዳ አሁን ቋሚ ሆነ። ሴኔቱ 84 ለ16 ነው ያሳለፈው።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ግማሹን እደግፋለሁ። ድሮ አንዱ ኬሚካል ሲታገድ ቀማሚው ትንሽ ነካ አድርጎ ይቀይረውና "ይሄኛው አልተከለከለም" ይል ነበር። ያ ቀዳዳ መደፈኑ ደግ ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ የቅጣቱ ሚዛን ነው። ከእነዚህ ዘመዶቹ አንዱ ያለበት 10 ግራም ድብልቅ ይዞ ለመሸጥ አስቧል የተባለ ሰው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ5 ዓመት በታች አይፈረድበትም። 100 ግራም ከሆነ 10 ዓመት። የሚመዘነው ደግሞ መርዙ ብቻ ሳይሆን ክኒኑ እንዳለ ነው። "ኤም 30" የምትባለው ሰማያዊ ፎርጅድ ክኒን የግራም አንድ አሥረኛ ያህል ትመዝናለች። ስለዚህ 10 ግራም ማለት መቶ ክኒን ነው፤ ትንሽ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ያንን ይዞ የሚያዘው ሜክሲኮ፣ ሲናሎዋ የተቀመጠው ትልቁ ነጋዴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ሱስ የያዘው የሃያ ዓመት ልጅ ነው።

ጋሽ ተስፋዬ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሂሩትዬ፣ ሂሳቡን ከጀመርሽው ጨርሺው እንጂ። የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪው ዲኢኤ በ2024 ፎርጅድ ክኒኖችን ሲመረምር ከአሥሩ በአምስቱ ውስጥ 2 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ፈንታኒል አግኝቷል። 2 ሚሊግራም ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ከመቶ ክኒንሽ አምሳው እንግዲህ ገዳይ ነው። አምሳ ነፍስ በብልቃጥ ይዞ የሚዞረውን ልጅ ነው ብለን እንለፈው?

እኔ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። አንድ ሌሊት ከኋላ ወንበር ተኝቷል ያልኩት ወጣት፣ መብራት ሳበራ ከንፈሩ ጠቁሯል። እንደ ማንኮራፋት ያለ፣ ግን ማንኮራፋት ያልሆነ ድምፅ ያወጣ ነበር። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አደረስኩት። ይትረፍ አይትረፍ ዛሬም አላውቅም። ለዚያ ልጅ ለሸጠለት ሰው 5 ዓመት በዛበት ስትሉኝ አይገባኝም።

ዳንኤል (ዳላስ)
ጋሼ፣ የእኔ ጥያቄ መንገዱ ላይ ነው። በ2018 የወጣው ሕግ ከውጭ የሚመጣ የፖስታ ጥቅል ሁሉ መረጃው በኮምፒውተር ቀድሞ እንዲደርስ አስገደደ። ቻይናም ሜይ 1 ቀን 2019 የፈንታኒል ዘመዶችን በሙሉ አገደች። ቆመ? አልቆመም፣ መንገድ ቀየረ። አሁን ከቻይና የሚወጣው መነሻ ኬሚካሉ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ የሲናሎዋና የሃሊስኮ ካርቴሎች ያበስሉታል፤ ከዚያ በአብዛኛው በሕጋዊው ኬላ፣ በመኪና ይገባል። እኔ ትራክ ነጂ ነኝ፤ ድንበሩ ላይ፣ ላሬዶ፣ ሰልፉ የት እንደሚያልቅ አይታይም። አንድ ኪሎ ዱቄት በዚያ ሁሉ ብረት መሀል ፈልጉ ማለት ከባድ ነው።

ለዚህ እኔ ተስፋ የማደርገው በገንዘቡ ላይ ነው። ኤፕሪል 2024 የተፈረመው ሌላው የፈንታኒል ሕግ የአዘዋዋሪዎቹን ንብረት ማገድንና ገንዘባቸውን የሚያጥቡላቸውን መከታተልን ያዛል። ክኒን ሻጩ በማግስቱ ይተካል። ገንዘብ አጣቢውን መተካት ግን ጊዜ ይፈጃል።

ሰብለ (ዋሽንግተን ዲሲ)
የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ስለምሠራ እኛን የሚነካውን ልበል። ዜግነት ያልወሰደ ልጅ በዕፅ ዝውውር ከተፈረደበት ግሪን ካርዱ አያድነውም፤ እስሩን ሲጨርስ ዲፖርት ነው። ለራሱ መያዝ እንኳ፣ ከትንሽ ማሪዋና በስተቀር፣ ለማባረር ይበቃል። እናቶች ይመጣሉ። "ልጄ አማርኛ እንኳ በደንብ አይናገርም፣ አዲስ አበባ ማን ጋ ይሄዳል?" ይሉኛል። የምመልሰው የለኝም።

ምድብ አንድ ምን እንደሆነ ደግሞ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚያው ምድብ ነው። ለአጎቱ ብሎ የጫት ጥቅል የተቀበለ ሰው ምን እንዳገኘው ሁላችንም ሰምተናል።

ጋሽ ተስፋዬ
ሰብለ፣ ጫትን ከዚህ ጋር አታወዳድሪብኝ።

ሰብለ
ይቅርታ ጋሼ፣ ጉዳቱን አላወዳደርኩም። ምድቡ ጉዳትን እንደማይለይ ነው ያልኩት።

ሂሩት
ጋሼ፣ የነገሩንን ልጅ ሳስበው ነው የዋልኩት። ግን ይህን መንገድ አሜሪካ ሞክራዋለች። በ1986 ክራክ ላይ፣ ማለት በሚጨሰው ኮኬይን ላይ፣ የወጣው ሕግ ከዱቄት ኮኬይን ጋር 100 ለ1 ሚዛን ነበረው፤ አንድ ግራም ክራክ እንደ መቶ ግራም ዱቄት ይቆጠር ነበር። 5 ግራም ክራክ 5 ዓመት። እርስዎ በነዱበት ከተማ የስንት ጥቁር ቤተሰብ ልጅ በዚያ ሕግ ገባ? እስከ 2010 ድረስ ቆይቶ ነው ወደ 18 ለ1 የወረደው። ሞትን በተመለከተ፣ በ2023 ወደ 110 ሺህ የነበረው ከመጠን ባለፈ ዕፅ የሚሞት ሰው በ2024 ወደ 80 ሺህ ወርዷል። አዲሱ ሕግ ያኔ አልተፈረመም።

ጋሽ ተስፋዬ
ጊዜያዊው እገዳ እኮ ያኔም ይሠራ ነበር። ራስሽ ነሽ ከ2018 ጀምሮ ያልሽው።

ሂሩት
ልክ ነዎት፣ ይሠራ ነበር። ግን ያው እገዳ እያለ ነው ከ2018ቱ 67 ሺህ ገደማ ተነስቶ 110 ሺህ የደረሰው። ሲወርድ እገዳው ነው ካልን፣ ሲወጣስ ምን እንላለን? እኔ በዓይኔ ያየሁት ለውጥ ናርካን፣ ማለት ዕፅ በዝቶበት የወደቀን ሰው የሚያነቃው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት፣ በ2023 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ መፈቀዱ ነው። ድሮ በሹክሹክታ ይጠየቅ የነበረው ዛሬ ከሳል ሽሮፕ ጎን ተደርድሯል። እሱ ብቻ ነው ሞትን የቀነሰው አልልም። ሕግ አውጪዎቹ ለእስር ቤት የሚመድቡትን ያህል ለሕክምና አልጋ እንዲመድቡ ግን እፈልጋለሁ።

ጋሽ ተስፋዬ
በሻጩ ላይ ሐሳቤን አልቀየርኩም። 5 ዓመት ይገባዋል። ይሄ ናርካን ያልሽው ግን፣ ያን ሌሊት መኪናዬ ውስጥ ቢኖር ምን አደርግ ነበር?

ሂሩት
መጀመሪያ 911 ይደውላሉ። ልጁን በጀርባው አስተኝተው ጫፉን በአንድ አፍንጫው አስገብተው እስከ መጨረሻው ይጫኑታል። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ። ትንፋሹ ሲመለስ በጎኑ ያዞሩትና አምቡላንስ እስኪመጣ አይለዩትም፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ሊሰምጥ ይችላል። ፈንታኒል ባይሆንም አይጎዳውም። አንድ ካርቶን ሁለት ፍሬ ይይዛል። እሁድ አመጣልዎታለሁ።