ሚኒያፖሊስ፦ ቤት ለሽያጭ ሲወጣ ከተማው የሚጠይቀው ምርመራ (ቲሽ)፣ ቀድሞ ምን ይሠራ?

ሻጭ_ከሰሜን
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሚኒያፖሊስ ያለ፣ በ1920ዎቹ የተሠራ ነጠላ ቤት አለኝ፤ በረዶው እንደቀለጠ ለሽያጭ አወጣዋለሁ። ኤጀንቴ ከሁሉ በፊት ቲሽ አሠራ ይለኛል። ገዢው የራሱን ኢንስፔክተር የሚያመጣ ከሆነ ይሄኛው ምን ይጨምራል? መርማሪው ከመምጣቱ በፊት በራሴ እጅ የምጨርሰው ነገር አለ? የውሃ ማሞቂያውም አርጅቷል፤ አሁን ልቀይረው ወይስ ሪፖርቱን ልጠብቅ? ዘመዴ ደግሞ ሴንት ፖል ቤት አለው፤ እዚያም ሕጉ ያው ነው?

ቤትና_ውል
ወንድሜ፣ ሁለቱ የሚመረምሩት ለየቅል ነው። የገዢው ኢንስፔክተር ቤቱ ገንዘቡን ያወጣ እንደሆነ ለገዢው ይነግረዋል። የቲሽ መርማሪ የሚያየው ከተማው ያስቀመጠው ዝቅተኛ የደህንነት መስፈርት መሟላቱን ብቻ ነው። በመሰላል ጣሪያ ላይ እንዲወጣ፣ ፈርነስ (የቤቱን ማሞቂያ) እንዲለኩስ፣ ወይም ዕቃ እንዲፈታ አይገደድም። ስለዚህ ሪፖርቱ ንጹሕ ሆነ ማለት ቤቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ ዋስትናም አይሰጥም።

መርማሪው ከከተማው ፈቃድ ያለው የግል ባለሙያ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ራሱ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ደውለህ አወዳድር። ከነጠላ ቤት ሌላ ዱፕሌክስም (ባለ ሁለት መኖሪያ ቤት)፣ ታውንሀውስም (ግድግዳ የሚጋራ ተያያዥ ቤት) ግዴታው አለባቸው። ሪፖርቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ቤቱ አንዴ ከተሸጠ ግን ለሚቀጥለው ሻጭ አይሆንም። ከ2020 ወዲህ የኢነርጂ መረጃም ስለተጨመረበት ጣሪያ ሥር ያለውን ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘውን ንጣፍ) የሚያይበትን መግቢያ ክፍት አድርገህ ጠብቀው።

ሪፖርቱን ስታነብ ዓይንህን «መጠገን አለበት» በተባለው ላይ ጣል። «ቢስተካከል ይመረጣል» የተባለው አያስገድድህም።

ቧንቧና_ጋዝ
ገንዘብህን ቀለምና ምንጣፍ ላይ ከማፍሰስህ በፊት ባትሪ ይዘህ ቤዝመንት ውረድ። በአሮጌ ቤት ግዴታ የሚሆነው ጥገና አብዛኛው እዚያ ነው ያለው፤ ብዙውም ትንሽ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ገንዳውን እይ። ሩቢኔቱ የውሃ ጎማ የሚታሰርበት ጥርስ ካለው ቫክዩም ብሬከር (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይሳብ የሚያግድ ትንሽ ዕቃ) ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጎማው ገንዳ ውስጥ ተነክሮ እያለ የመንገዱ ዋና ቧንቧ የውሃ ግፊት ድንገት ቢወርድ (የእሳት አደጋ መኪና ከሃይድራንት ብዙ ውሃ ሲስብ ይሆናል) እድፉ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ይሳባል። በጣም አሮጌ ገንዳ ላይ ደግሞ የሩቢኔቱ አፍ ከገንዳው ከንፈር ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ያ ከነጭራሹ መቀየር አለበት። ለውጭው ሩቢኔት ቫክዩም ብሬከር ስትገዛ ሩቢኔቱ ውስጥ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ የሚያስችል ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ። አለዚያ ውስጡ የቀረው ውሃ በሚኒሶታ ብርድ ይረጋና ሩቢኔቱን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ ክዳን አንሳ። በጎን በኩል ክፍት ቀዳዳ ካየህ ውታፉ ጠፍቷል ማለት ነው። በዚያ ቀዳዳ የፍሳሹ ጋዝ ሲፎኑን (ውሃ ይዞ ጋዙን የሚያግደውን ጎባጣ ቧንቧ) አልፎ ቤት ይገባል። ስፋቱን ለክተህ ባለ ክንፍ ዳዶ የላስቲክ ውታፍ ግዛ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ላስቲኩ ይነፋና ቀዳዳውን ይይዛል።

ጋዝ ላይ፣ አገልግሎት የማይሰጥ መስመር ቫልቩ መዘጋቱ አይበቃም፤ ጫፉ በቆብ ወይም በውታፍ መደፈን አለበት። ከምድጃው ኋላ ሽፋን የሌለው አሮጌ የነሐስ ተጣጣፊ ቱቦ ካየህ አታንቀሳቅሰው። መጋጠሚያው ሲነካ የመላቀቅ ታሪክ ስላለው ባለፈቃድ ባለሙያ ይቀይረው።

የድራየሩ (የልብስ ማድረቂያው) ቱቦ ፕላስቲክ ከሆነ አውጥተህ በብረት ተካው። ስታጋጥመውም ብሎን ወደ ውስጥ አታስገባ፤ ጥጡ ጫፉ ላይ እየተያዘ ይከማችና ለእሳት ይዳርጋል።

ፊውዝ ቦክስ ካለህ፣ 14 ቁጥር ሽቦ ከ15 አምፔር በላይ አይችልም። እዚያ ላይ 30 ከተሰካ ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ክዳን የሌለው የሽቦ መገናኛ ሳጥንም በጥቂት ዶላር ይከደናል። የጭስ ማስጠንቀቂያ 10 ዓመት ካለፈው ቀይረው፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ ይሁን፣ የሚኒሶታ ሕግ ነው።

ወደ ውጭ ስትወጣ አሸንዳውን ተከተል። መውረጃው መሬት ውስጥ ወዳለ ቧንቧ ከገባ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል መርማሪው ይጽፈዋል። ቆርጦ ቀዳዳውን መድፈን፣ ውሃውንም ከመሠረቱ አርቆ ማፍሰስ ነው።

የውሃ ማሞቂያውን በተመለከተ፣ ማርጀቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ መኖሩን፣ ከእሱ የሚወርደው ቱቦ 3/4 ኢንች ሆኖ ወለሉ አጠገብ መድረሱን፣ ጫፉም ጥርስ እንደሌለው እይ። ጥርስ ካለው ሲንጠባጠብ አንድ ሰው ቆብ ያስርበታል፤ ያኔ ታንኩ የሚተነፍስበት ያጣል። የጭስ ቱቦውም ወደ ላይ ያዘመመና ያልዛገ ይሁን። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሪፖርቱን ጠብቅ።

ሻጭ_ከሰሜን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግዴታ የተባለውን ጥገና ገዢው ልውሰደው ቢል ይቻላል?

ቤትና_ውል
ይቻላል። ገዢው ኃላፊነቱን የሚወስድበትን የከተማውን ቅጽ ይፈርማል፤ ከክሎዚንግ (ሽያጩ ተፈርሞ ከሚያልቅበት ቀን) በኋላም 90 ቀን ይሰጠዋል። ቢሆንም በዋጋ ድርድር ላይ ከትክክለኛው ወጪ በላይ ይቀንስብሃል፤ ለ20 ዶላር ዕቃ ብለህ ይህን በር አትክፈት። የጋዝና የቧንቧውን ትልቅ ሥራ ግን ያለ ፐርሚት (የከተማው የሥራ ፈቃድ) አታሠራ። በርካሽ የተተከለ ማሞቂያ ፐርሚት ከሌለው ባለፈቃድ ሠራተኛ እንደገና ይጠራል፣ ከፍለህ ሁለተኛ ትከፍላለህ። ሥራው ካለቀ በኋላም ፐርሚቱ በከተማው ኢንስፔክተር መዘጋቱን ራስህ አረጋግጥ፤ ሠራተኛው ረስቶት ክሎዚንግ ሳምንት ላይ ብቅ ይላል።

ቤዝመንት ያለውን ክፍል ማስታወቂያው ላይ መኝታ ብለህ አታስጽፈው፣ ማምለጫ መስኮት ከሌለው። በአሁኑ ኮድ ክፍተቱ 5.7 ካሬ ጫማ፣ ከወለል ያለው ከፍታ ደግሞ ቢበዛ 44 ኢንች ነው።

ሁለቱ_ከተሞች
ስለ ሴንት ፖል፦ የራሱ መርማሪዎችና የራሱ ቅጽ ስላለው የሚኒያፖሊሱ ሪፖርት እዚያ አይሠራም። የሚያገለግለውም ለአንድ ዓመት ነው። ነጠላ ቤት ላይ የሚያስገድደው ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ለገዢው መረጃ ነው። ባለ ባትሪው ብቻ ካለው ኤሌክትሪሺያን ቀድሞ ይጥራ።