«ዛንቲፔ» ስም ነው ስድብ? ስለ ኤሚ ሌቪ ግጥም የተነሳ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ የድሮ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ውስጥ ባል ሚስቱን «ዛንቲፔ» ይላታል። መዝገበ ቃላት ባይ «ነዝናዛ ሚስት» ይላል። ኋላ ደግሞ ኤሚ ሌቪ የምትባል ገጣሚ በዚሁ ስም ግጥም እንዳላት አየሁ። ግጥሙ ስለ ነዝናዛ ሴት ነው ማለት ነው? ርዕሱስ በአማርኛ ምን ይባል?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ይህችን ገጣሚ ያነሳልኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ትንሽ ላስረዝመው ነው፤ ታገሰኝ።

ዛንቲፔ የሶቅራጥስ ሚስት ናት። ስሟ ራሱ ምንም ክፉ ነገር የለበትም። በግሪክኛ «ዛንቶስ» ወርቅማ ወይም ቢጫማ ሲሆን «ሂፖስ» ፈረስ ነው። በአቴና ፈረስ የገባበት ስም የትልቅ ቤት ልጅ መሆንን ያሳይ ነበር። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ ላደገ ሰው የፈረስና የስም ዝምድና እንግዳ አይሆንበትም።

ስድብ ያደረጓት ጸሐፊዎቹ ናቸው። የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረው ጸሐፊ ዜኖፎን ስለ አንድ ግብዣ ሲተርክ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ሶቅራጥስን «ይቺን አስቸጋሪ ሴት ይዘህ እንዴት ትኖራለህ?» በሚል መንፈስ ይጠይቀዋል። እሱም ጥሩ ፈረሰኛ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ገራም ፈረስ አይመርጥም ብሎ ይመልሳል። ከዘመናት በኋላ የጻፈው ዲዮጋን ላኤርቲዮስ ደግሞ ሰድባው ስታበቃ ውሃ ደፋችበት ይላል። ሼክስፒርም ክፉ ሚስትን በእሷ መስሎ አለፈ። በዚሁ ጸደቀባት።

ፕላቶን የተረካት ዛንቲፔ ግን ሌላ ናት። ሶቅራጥስ በሚሞትበት ቀን ልጁን ታቅፋ እስር ቤት አጠገቡ ተቀምጣለች። ከወዳጆቹ ጋር የሚያወራው ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን እያሰበች ታለቅሳለች። ወደ ቤት ውሰዷት ተባለና ወሰዷት። ይህቺኛዋ መዝገበ ቃላት ውስጥ አልገባችም።

ወደ ሌቪ ልምጣ። ኤሚ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1861 ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ካምብሪጅ በሚገኘው የኒውንሃም ኮሌጅ የመጀመሪያዋ አይሁዳዊት ተማሪ እሷ ናት። በዚያ ዘመን ካምብሪጅ ሴቶችን ቢያስተምርም ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። እስከ 1948 ድረስ አልሰጠም። «ዛንቲፔ» የሚለው ግጥሟ በመጽሐፍ የወጣው በ1881 ነው። የሃያ ዓመት ልጅ እንኳ በቅጡ አልሆነችም።

በግጥሙ ውስጥ ዛንቲፔ አርጅታ፣ ሞቷ ተቃርቦ፣ ለአገልጋዮቿ ታሪኳን ትነግራለች። ልጅ ሳለች ዕውቀት ያጓጓት ነበር። ሶቅራጥስ መልኩ ባያምርም፣ ከእሱ እማራለሁ ብላ ተስፋ አድርጋ አገባችው። እሱ ግን አላስተማራትም። አንድ ቀን ከፕላቶንና አልኪቢያዴስ ከሚባለው ወጣት ወዳጁ ጋር ተቀምጦ ሲያወጋ የወይን ጠጁን አቁማዳ ይዛ ቆማ ትሰማለች። እሱ በዕውቀቷ የታወቀችውን የአቴናዋን አስፓሲያን እያመሰገነ የሴት ልጅን አእምሮ ደካማነት ሲያወራ አልቻለችም፤ ተናገረች። ሶቅራጥስ አልተቆጣም። በእርጋታ ይህን ጥበብ ከየትኛው ፍልስፍና ቀዳሽው ብሎ ጠየቃት። ይሄኔ አቁማዳውን እብነ በረዱ ላይ ወረወረችው። ነጭ ልብሷ በወይን ቀልቶ፣ ጸጉሯ ተፈቶ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ መፍተል ብቻ ሆነ። ትፈትላለች፣ ትፈትላለች፤ ነፍሷ ከሥጋዋ ተፈትላ እስክታልቅ ድረስ። ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረታችን ይመጣብኛል። ይህን ተረት በፉክክር ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ፤ የተነገረባትን ሴት ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አልገጠመኝም። ሌቪ ያንን ጠየቀች።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ በልቦለዱ ውስጥ «ነዝናዛ» ወይም «ጨቅጫቃ» ብትለው ልክ ነህ። «ነገረኛ» ግን አይሆንም፤ ነገረኛ ከጎረቤትም ከመንገደኛም ይጣላል፤ ዛንቲፔ ስድብነቷ ለሚስት ብቻ ነው። የግጥሙን ርዕስ ግን አትተርጉመው፤ ስሟን እንዳለ ተወው። ግጥሙን በአንድ ቃል ግለጸው ካልከኝ «አንጀቷ ያረረ» እላለሁ። «ነዝናዛ» የሚለው ቃል ባልየው የሚሰማውን ድምፅ ይነግረናል፤ «አንጀቷ ያረረ» ሲባል ግን ምን አሳረረው ብሎ መጠየቅ ይከተላል።

ሌላ ጠያቂ፦ በዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። የ1884ቱ መድበሏ ርዕስ በቁሙ «አንድ ንዑስ ገጣሚ» እንደማለት ነው። ንዑስ ይሁን ትንሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ንዑስ» ሲባል ኮሚቴ ይመስላል። «ትንሽ» ደግሞ ቁመቱን ያስመስላል። «ተራ ገጣሚ» ካልን ሰደብነው። እንግሊዞች ገጣሚዎቻቸውን በማዕረግ ሲከፍሉ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። እኛ «ታላቁ ባለቅኔ» ማለት ለምደናል፤ ስለዚህ «አንድ ታናሽ ባለቅኔ» ብንል ጆሮ ወዲያው ተቃራኒውን ይሰማል። በግጥሙ የሚናገረው ሰውም በዚያ ሚዛን ተመዝኖ የቀለለ፣ ተስፋ የቆረጠ ገጣሚ ነው። ሌቪ ራሷ በ1889 በ27 ዓመቷ ሕይወቷን አጠፋች። ኦስካር ዋይልድ ያዘጋጀው በነበረው የሴቶች መጽሔት ላይ ጽሑፎቿን አትሞላት ነበርና በሞተች ጊዜ በአድናቆት ጻፈላት። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። መጽሐፎቿ ታዲያ ይገኛሉ?

መልስ፦ ይገኛሉ። በ1993 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሦስቱንም ልቦለዶቿን ከተመረጡ ግጥሞች፣ አጫጭር ታሪኮችና መጣጥፎች ጋር በአንድ ጥራዝ አወጣ። ለትርጉም ሥራ የምመክርህ እሱን ነው። ፐርሴፎኒ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በ1888 የወጣውን «ሩበን ሳክስ» የተሰኘ ልቦለዷን በዚያ በታወቀው ግራጫ ሽፋኑ አሳትሞታል። አራት እህትማማቾች ለንደን ውስጥ ፎቶ ቤት የሚከፍቱበትን «የአንድ ሱቅ ታሪክ» እንደማለት የሆነውን ልቦለድ ደግሞ ብሮድቪው የተባለው አሳታሚ በ2006 ከማብራሪያ ጋር አውጥቶታል። ልቦለድ አንባቢ ከሆንክ ከእሱ ጀምር፤ ቋንቋው ቀላል ነው። ግጥሙን ግን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው።