የሰባቱ ሌሊት ትርኢት ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ሰብሳቢ፦ ሰባት ሌሊት፣ በየሌሊቱ ለ8 ሰዓት ያህል፣ ሦስት አባላት ተመልካች ፊት ይተኛሉ። ትወና የለም፤ እንቅልፉ የእውነት ነው። የድጋፍ ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ያለፈው ዓመት እንዳይደገም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስቱ ፍራሾች ማን ፈቅዶ ተገዙ?

ድምፅ ክፍል፦ ከፍራሹ በፊት የማንኮራፋቱ ጉዳይ ይለቅ። ስም አልጠራም።

መድረክ ክፍል፦ መጥራት አያስፈልግህም፤ በሙከራው ሌሊት ሦስት ሆነን ነው የተኛነው። እንቅልፉ የእውነት ይሁን ካላችሁ ማንኮራፋቱም አብሮ ይመጣል።

ድምፅ ክፍል፦ በጎንህ ተኛ።

መድረክ ክፍል፦ አቀማመጥ ከታዘዘልኝማ ትወና ሆነ።

አንጋፋው አባል፦ የክዋኔ ጥበብ ባለሙያው ቴቺንግ ሺዬ ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1981 ዓመቱን ሙሉ በየሰዓቱ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሰዓት ላይ ካርድ ሲያስመታ፣ ከ8,760 ጊዜ 133ቱ አመለጡት። 94ቱን እንቅልፍ ነው የበላበት። አልደበቀም፤ መዝግቦ አቀረበው። እናንተ ማንኮራፋት ልትደብቁ ነው?

ልብስ ክፍል፦ ሺዬን የሚቀሰቅሰው ሰዓት ነበር። ከሚያንኮራፋው አጠገብ የተኛሁት እኔ ነኝ፤ ያውም አልተኛሁም። የፍራሹ ላስቲክ እንዳይንኮሻኮሽ ትንፋሼን እየዋጥሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነጋ። ሁላችሁም ጠዋት «እንዴት ያለ ሰላማዊ እንቅልፍ!» አላችሁኝ።

አንጋፋው አባል፦ ታዲያ ከሁሉም አድካሚው ሥራ የአንቺ ነው።

ሰብሳቢ፦ ስለ ማንኮራፋት በቃ። ወደ በጀቱ።

ድምፅ ክፍል፦ አልበቃም። ሐኪም ይየው።

መድረክ ክፍል፦ አንተ ራስህን አሳይ! ሌላ ፈቃደኛ ፈልጉ።

ድምፅ ክፍል፦ ትናንት ያልሁት ከልክ አልፏል። ይቅርታ።

ሰብሳቢ፦ መድረክ ክፍል መልስ አልሰጠም። ሊተካው ቃል የገባውም ስልክ አያነሣም። እንቅልፉን በመቀመጥ ብንለውጠውስ? የክዋኔ ጥበብ ባለሙያዋ ማሪና አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከ700 ሰዓት በላይ ተቀምጣለች።

አንጋፋው አባል፦ እሷ ሦስት ወር ገደማ፣ እኛ ሰባት ቀን። ለማን ልንነግር ነው?

ልብስ ክፍል፦ እኔ እቀመጣለሁ። ግን በቀን 4 ሰዓት፤ ባለፈው ልምምድ ከጉልበቴ በታች ደንዝዞ ስነሣ ወንበሩን ይዤው ወደቅሁ።

ድምፅ ክፍል፦ 4 ሰዓት ዝምታ ተመልካች አይዝም። የዚያን ሌሊት ቅጂ አለኝ፤ ከጀርባዋ በድምፅ ማጉያ እንልቀቀው።

ገንዘብ ያዥ፦ ማጉያው ከፍራሹ ይወደዳል።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። ርዕሱን «ትንፋሽ» ብዬ ረቂቁን አስተካክላለሁ።

መድረክ ክፍል፦ ድምፁ የእኔ ነው። ካልፈረምሁ አይሰማም።

ሰብሳቢ፦ መጣህ! የስንት ሰዓት ክፍያ ትጠይቃለህ?

መድረክ ክፍል፦ ያንኮራፋሁበትን ሁሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍራሾቹን የሚመልስ ሰው እስከ ነገ ስሙን ያስመዝግብ። የአንዱ ላስቲክ ተቀዷል፤ ሻጩ አይቀበለውም።