የመንገድ መብራት የዶሮዎቼን ሌሊት ቀማቸው

ቢሾፍቱ ዳርቻ ቦቫንስ ብራውን የተባለው ዝርያ 300 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። የዶሮ ቤቱ ወለል ጭድ የተነጠፈበት ሲሆን፣ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የግድግዳው የላይኛው ግማሽ የሽቦ ወንፊት ነው። በቅርቡ ከምሥራቁ ወገን ነጭ የመንገድ መብራት ተተከለ። ብርሃኑ እስከ ቆጡ ድረስ ይገባል፤ እኩለ ሌሊት ላይ መመገቢያው አጠገብ ስቆም ጥላዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀድሞ ረፋድ ላይ ተጠቃሎ ይሰበሰብ የነበረው እንቁላል አሁን በየሰዓቱ ተበታትኗል። ሌሊት ገብቼ ሳይ ገሚሶቹ መኖ ይለቅማሉ፤ ሌሎቹ የጎረቤታቸውን የጭራ ሥር ላባ ነቅለው ቆዳውን አድምተውታል። የእንስሳት ሐኪም አይቷቸው በሽታ አላገኘም። መኖውም ያው የቀድሞው ነው።

ዶሮ ብርሃንን የምትለየው በዓይኗ ብቻ አይደለም፤ የራስ ቅሏን አልፎ የሚገባውን ብርሃን አንጎሏ ውስጥ ያሉ ሕዋሳትም ይቀበሉታል። ጨለማ ከሌለ ደግሞ ሌሊት መሆኑን ለሰውነቷ የሚነግረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ስለዚህ ብርሃኑን መከልከል ግድ ነው።

ወንፊቱን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩት። ጨለማውስ ተገኘ፤ ነገር ግን አየሩ ታፍኖ ከኩሳቸው የሚወጣው የአሞኒያ ጋዝ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ሆነ፤ አነሣሁት። መብራቱን እንዲያዞሩልኝ ጠይቄም መልስ አላገኘሁም።

አየር እያስገባ ብርሃን የሚከለክል መከለያ በጣውላ ወይም በቆርቆሮ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የመከለያውን ክንፎች (ተደርድረው የሚገጠሙትን ቁራጮች) ስፋትና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ስንት ሳንቲሜትር አደረጋችሁት?