ጥቆማ፦ ለሚያንኮራፋና ለሚረሳ ሰው ድሬ ላይ ምን ይሻላል? ምርመራ፣ ሲፓፕ፣ ማስክ

ጠያቂ፣ ከሳቢያን፦

ሰላም የድሬ ልጆች። ባለቤቴ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ድንገት ዝም ይላል፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ሰው አየር እየማገ ይባንናል። አማቴ ዱካክ ነው ብለው ትራሱ ስር ቢላ አስቀምጠዋል። ሰሞኑን ደግሞ መርሳት አብዝቷል፤ ባጃጁን አሸዋ ገበያ አቁሞ በእግሩ ቤት የገባበት ቀን አለ። የት ይመርመር? ታይዋን ገበያ ያየሁት አፍንጫ ላይ የሚሰካ ማግኔትስ ይሠራል?

መልስ፣ ከከዚራ፦

እህቴ፣ ማግኔቱን ቶሎ ልገላግልሽ፤ አይሠራም። የነገርሽን ሐኪሞች አፕኒያ የሚሉትን፣ ሲተኙ ትንፋሽ የሚቋረጥበትን ሕመም ይመስላል፤ ችግሩ ያለው ጉሮሮ ላይ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ መንገዱ ይዘጋል። የአፍንጫ ፕላስተሩም አገጭ የሚያስረውም ድምፁን ቢቀንሱ ነው እንጂ የተዘጋውን አይከፍቱም። በዚያ ገንዘብ ሐብሐብ ግዢበት።

የእኛን ቤት ልንገርሽ። አባዬ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ግቢ አልጋ ዘርግቶ ስለሚተኛ ማንኮራፋቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዝም ሲል ደግሞ ሁላችንም "ተመስገን፣ ተገላበጠ" ብለን እንተኛ ነበር። አንድ ሌሊት ስልኬን ይዤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሆዱ ይንቀሳቀሳል፣ ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን የለም፤ 34 ሴኮንድ። ሐኪሞች 10 ሴኮንድ ከሞላ አንድ መቋረጥ ብለው ይቆጥሩታል።

ሐኪም ቤት ያስሄደን ግን መርሳቱ ነው። ከድሬ እስከ ድንበሩ ያሉትን ጣቢያዎች እንደ ዳዊት ነበር የሚደግማቸው፤ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። አንድ ቀን ለልጄ ሲነግራት አዲጋላን ዘለላት። መልሶ ጀመረ፣ መልሶ ዘለላት። "በቃ አረጀሁ" ብሎ ዝም አለ። እኛም አመንነው፣ ያሳዝናል።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) "እንቅልፍ አጥቶ ነው" ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈለት። ያንን ኪኒን ሲወስድ ዝምታው ረዘመ። ጡንቻን የሚያላላ ነገር ሁሉ ጉሮሮውን የባሰ ይዘጋዋልና። ባለቤትሽ የሚቅም ከሆነ ይኼን ልብ በይ፤ ጫቱ እንቅልፉን ወደ ንጋት ይገፋበታል፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ ጉሮሮውን ያላላዋል። ሁለቱም በአንድ ሌሊት!

ከአንገት በላይ ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳን፣ ትንፋሽ ሲቆም በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለጥቂት ሴኮንድ ያነቃዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል፤ መልሶ ይተኛል። ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። ይኼ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም ጥልቁም እንቅልፍ፣ ሕልም የሚታይበትም ይቆራረጣል። ቀን ያየነውና የሰማነው አእምሮ ውስጥ ቦታ ቦታውን የሚይዘው ደግሞ ያኔ ነው።

ምርመራውን በተመለከተ፦ የስልክ አፕ ማንኮራፋትን ይቀዳል፣ ለሐኪም ለማሰማት ይጠቅማል፣ ከዚያ አያልፍም። ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክሲሜትር፣ ፋርማሲ አለ፤ ግን አሁን ያለውን ቁጥር ብቻ የሚያሳየውን ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግበውን ዓይነት ጠይቂ። እሱም ቢሆን ጥርጣሬ ያጠናክራል እንጂ በሽታውን አይወስንም። ዋናው ምርመራ በጣት፣ በአፍንጫና በደረት ላይ ተገጥሞ የሚያድረው መሣሪያ ነው፤ ከሱ በላይ ደግሞ አንጎልን ጭምር የሚለካው፣ ሆስፒታል የሚታደርበት ምርመራ አለ። ድል ጮራ ብትሄጂም፣ ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ሕይወት ፋና ብትሄጂም መጀመሪያ የምትጠይቂው አንድ ነው፤ "ሌሊቱን የሚመዘግብ መሣሪያ አላችሁ ወይስ ሪፈር ትጽፋላችሁ?" እኛ አዲስ አበባ ነው ያስለካነው። አባዬ በሰዓት 41 ጊዜ ይቋረጥበታል ተባለ። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ባለቤትሽ ሾፌር ስለሆነ ቀጠሮውን አታስተላልፊ፤ መሪ ላይ እንቅልፍ ሸለብ ካደረገው ከመርሳቱ የባሰ ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ በዶላር የሚሄድ ዕቃ ስለሆነ ነገ ይቀየራል።

መልስ፣ ከሐረር፦

ከምርመራው በኋላ የሚታዘዘው ማሽን ላይ ልጨምር። ሲፓፕ ማለት ፊት ላይ በሚደረግ ማስክ አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮውን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ነገር ነው። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን ሲያሳትም የቫኪዩም ማጽጃ ሞተር ነበር የተጠቀመው፤ የአሁኖቹ ድምፅ ከቬንትሌተር ያንሳል። ሁለት ዓይነት ነው፤ ግፊቱ አንድ ቦታ ላይ የሚሞላና እንደ ትንፋሹ ራሱ የሚያስተካክል፣ ኦቶ የሚሉት። ለማስተካከል አዲስ አበባ መመላለስ ለሚከብደው የኛ ሰው ኦቶውን እመርጣለሁ።

ከውጭ ዘመድ ያገለገለ ላምጣላችሁ ካለ ግን ሞዴሉን ጠይቁ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የመጀመሪያውን ትውልድ ድሪምስቴሽን ከገበያ ሰብስቧል፤ ውስጡ ያለው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ከአየሩ ጋር ሊገባ ይችላል ተብሎ። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል መባሉን የድሬ ሰው ልብ ይበል። እኔ የምጠቀመው ሬስሜድ ኤርሴንስ 10 ነው፤ በ220 ቮልት ይሠራል፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ለሐኪም ማሳየት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለማደር አየሩን የሚያረጥበውን የውኃ ማሞቂያ አጥፉት፤ ብዙውን ኃይል የሚበላው እሱ ነው።

መልስ፣ ከከዚራ፦

ትክክል። ውኃው ላይ ግን ለድሬ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። የቧንቧችን ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ድንጋይ ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑም ውስጥ እሱኑ ይሠራል። የታሸገ የመጠጥ ውኃም ማዕድን አለው። የተጣራ፣ ዲስቲልድ የሚባለውን ነው የሚፈልገው። ማጣሪያ ጨርቁን ደግሞ መመሪያው ከሚለው ቀድመን እንቀይራለን፤ ግቢ የሚተኛ ሰው ማሽን በሁለት ሳምንት ቡናማ ይሆናል።

ጠያቂ፦

እግዜር ይስጥልኝ። መርሳቱስ ለቀቃቸው? በስንት ጊዜ?

መልስ፣ ከከዚራ፦

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የለቀቀው ድብታው ነው። በሳምንቱ ዶሚኖ ሲጫወት ማንቀላፋቱን ተወ። መርሳቱ ግን ወራት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሚላኖ ጥናት ከባድ አፕኒያ ያለባቸውን 17 ወንዶች አንጎል በኤምአርአይ አይቶ፣ የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ነጩ ክፍል እንደተጎዳ አገኘ። ሲፓፕ ለብሰው 3 ወር ሲሞላ ለውጡ ጥቂት ነበር፤ በ12 ወር ግን ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ተመለሰ። 17 ሰው ብዙ አይደለም። አፕልስ የተባለው የአሜሪካ ሙከራ ከ1,000 በላይ ሰዎችን፣ ግማሹን በትክክለኛ፣ ግማሹን በቂ ግፊት በሌለው አስመሳይ ማሽን ለ6 ወር ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ውጤት ድብታው ቀንሷል፣ በአእምሮ ፈተናው የታየው ልዩነት ግን መጠነኛ ነው። ስለዚህ "ሲፓፕ አእምሮ ያድሳል" ብሎ የሚሸጥልሽን አትመኚው፤ ማሽኑን ቁም ሣጥን ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ምንም አይሠራለትም። ሐኪማችን በሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት ይልበሰው ነው ያለው።

አባዬ በስምንተኛው ወር አካባቢ፣ እኔ ደወሌን ከአይሻ አስቀድሜ ስናገር "ባቡሩን ወደ ኋላ ልትነጂው ነው?" ብሎ አረመኝ። አዲጋላንም ራሱ አስገባት።

እስኪለካ ድረስ በጀርባው እንዳይተኛ አድርጊ። ልጆች የሚጫወቱበትን የካልሲ ኳስ ካናቴራው ጀርባ ላይ ስፊለት። አንዳንዱ ሰው ላይ መቋረጡን በጣም ይቀንሳል፣ ዋጋውም አንድ ካልሲ ነው።

ጠያቂ፦

ማስኩ ግን ጺሙን ሳይላጭ ይሆናል? መላጨት ግድ ከሆነ እሺ አይለኝም።

መልስ፣ ከከዚራ፦

አባዬም እምቢ ብሎ ነበር። አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ጺም ላይ አየር ያሾልካል፣ በዚህ ሙቀት ላቡም አለ፣ አየሩ ዓይኑ ላይ እየነፋ አስቸገረው። የአፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ትንሹ ግን ጺም አይነካም፤ አፉን ከፍቶ የማይተኛ ከሆነ እሱን ይሞክር። ከማሽኑ ይልቅ ለማስኩ ጊዜ ስጡት፣ ከመግዛታችሁ በፊት ተጋድሞ ይለካው። ቁጭ ብሎ ልክ የሆነው ሲተኛ ይንሸራተታል።